ከለስላሳው ይልቅ ጁሱ

ለሕፃን ልጅ ለስላሳ አይሰጥም ቢባል ብዙ ሰው ይስማማል። ጭቅጭቁ የሚጀመረው ጁስ ሲነካ ነው። ካሊፎርኒያ ለሕፃናት ማቆያዎች ያወጣችው የመጠጥ ሕግም ጁስ ላይ ሲደርስ ነው የላላው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጸድቆ በጥር 2012 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ ፈቃድ ያላቸውን ማቆያዎች ሁሉ፣ ግለሰቦች በመኖሪያ ቤታቸው የሚሠሩባቸውን ጭምር፣ ያስገድዳል። ማጣፈጫ የተጨመረበት መጠጥ ክልክል ነው፤ ማጣፈጫው ከተፈጥሮ የተገኘም ይሁን ሰው ሠራሽ ለውጥ የለውም። ሁለት ዓመት የሞላቸው ልጆች ቅባቱ የተቀነሰ፣ ያልጣፈጠ ወተት ይጠጣሉ። የመጠጥ ውሃ ቀኑን ሙሉ መገኘት አለበት። መቶ በመቶ ጁስ ግን በቀን አንድ ጊዜ ተፈቅዷል።

ለምን አንድ ጊዜ ብቻ? 240 ሚሊ ሊትር የፖም ጁስ ውስጥ 24 ግራም ገደማ ስኳር አለ። በዚያው መጠን ኮካ ኮላ ውስጥ ያለው 26 ግራም ገደማ ነው። በእርግጥ ጁሱ ቫይታሚን አለው፣ ኮካው የለውም። ስኳሩን በተመለከተ ግን ጉበትም ጥርስም ልዩነቱን አያውቁትም። ሙሉው ፖም ሲበላ ይታኘካል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ስኳሩም ከነአሰሩ ቀስ እያለ ይገባል። ሲጨመቅ አሰሩ ይቀርና ስኳሩ ለብቻው ነጻ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የጁስን ስኳር ከማርና ከገበታ ስኳር ጋር በአንድ ምድብ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2017 ዓመት ላልሞላው ልጅ ጁስ ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከግማሽ ኩባያ፣ ማለትም ከ120 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ እንዳያልፍ መክሯል።

ጥርስ ላይ ሲደርስ ከመጠኑ ይልቅ አጠጣጡ ይከፋል። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመርታሉ። የአሲድነቱ መለኪያ፣ ፒኤች የሚባለው፣ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን አጥቦ አፉን ወደ ነበረበት ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ጁሱን ከምሳ ጋር ጠጥቶ የጨረሰ ልጅ ጥርሱ ይህን አንድ ጊዜ ተቋቁሞ ያርፋል። ክዳን ያለው ኩባያ ይዞ እየተጫወተ በየአምስት ደቂቃው የሚጎነጭ ልጅ ግን ምራቁ ሥራውን ሳይጨርስ ሌላ ስኳር ይደርስበታል። የወተት ጥርስ ሽፋን ከቋሚው ጥርስ የሳሳ በመሆኑም ቶሎ ይቦረቦራል። ጡጦ በአፉ ይዞ የሚተኛ ልጅ ደግሞ ይብስበታል፤ በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ይቀንሳል። ስለዚህ አንዲት ሞግዚት «አቅጥኜ ነው የሰጠሁት፣ ውሃ ጨምሬበታለሁ» ብትል፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ እስከተጎነጨ ድረስ ብዙም አላዳነችውም።

ስለ ክብደት ደግሞ ከሁሉ የሚያሳምነኝ በ2012 የታተመው የአምስተርዳም ሙከራ ነው። 641 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ለ18 ወር በየቀኑ 250 ሚሊ ሊትር መጠጥ ተሰጣቸው። ለግማሾቹ በስኳር፣ ለግማሾቹ በሰው ሠራሽ ማጣፈጫ የተሠራ ነበር፤ የትኛው እንደደረሳቸው ልጆቹ አልተነገራቸውም። ስኳር የጠጡት በአማካይ 7.37 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.35 ኪሎ ጨመሩ። በቀን አንድ ጣሳ፣ አንድ ኪሎ ልዩነት። እርግጥ ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ከማቆያ ዕድሜ ያለፉ ናቸው።

«እንግዲያው ሰው ሠራሹን ማጣፈጫ እንስጣቸው» የሚል ይኖራል። ካሊፎርኒያ እሱንም ከልክላለች፤ እኔ በበኩሌ ልክ ናት እላለሁ። ሰው ከተወለደ ጀምሮ ጣፋጭ ይወዳል፤ ውሃ መውደድን ግን በልምድ ይማራል። የሕፃናት ሐኪሞችን፣ የልጆች ጥርስ ሐኪሞችን፣ የሥነ ምግብ ባለሙያዎችንና የአሜሪካ የልብ ማኅበርን በአንድ ያሰባሰበው የ2019 ምክርም ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለስላሳን፣ ቸኮሌት ወተትን፣ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫን፣ «ለታዳጊ ሕፃናት» እየተባለ የሚሸጠውን የዱቄት ወተት ጭምር አልመከረም። ይህ የመጨረሻው ብዙ ወላጅ ያስደነግጣል፤ ቆርቆሮው ላይ ያለው ሥዕል መድኃኒት ያስመስለዋላ።

በአሜሪካ ዴይኬር የሚሠሩ ወይም የራሳቸውን የከፈቱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፤ እነሱ ይህን ሁሉ ከሥልጠናም ከሥራም ያውቁታል። ፌዴራል መንግሥቱ ለማቆያዎች የምግብ ወጪ የሚተካበት ፕሮግራምም ከጥቅምት 2017 ወዲህ ጁስን በቀን አንዴ ገድቧል፤ ከስድስት ዓመት በታች ላሉት የጣፈጠ ወተት ከቀረበ አይከፍልም። የሚያስቸግራቸው ሌላ ነው። የካሊፎርኒያው ሕግ ወላጅ ለገዛ ልጁ የሚልከውን መጠጥ አይነካም። አንዱ ልጅ ከቦርሳው የጁስ ካርቶን ሲያወጣ ሌሎቹ ውሃቸውን አስቀምጠው ያዩታል፤ ሞግዚቷም ካርቶኑን የምትከለክልበት የሕግ አንቀጽ የላትም፤ ያላት ማታ ልጁን ሊወስዱ ሲመጡ እናቱን ማነጋገር ብቻ ነው።