ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ካለዎት፣ መነጽር ይበቃዎት ይሆናል

እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባለ የአብነት ትምህርት ቤት መጽሐፉን ከዓይናቸው እያራቁ የሚያነቡ የኔታ፣ ወይም ምስር ሲለቅሙ ጠጠሩ የሚያመልጣቸው እናት ያውቁ ይሆናል። «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል?» ብለው ይተዉታል። ግን መፍትሔ አለው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?
ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ በዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ መተጣጠፍ እያቃተው ይሄዳል፤ የቅርቡ ነገር ይደበዝዛል። ፕሪስባዮፒያ ይባላል። የዓይን ሞራ አይደለም፤ የንባብ መነጽር ይበቃዋል። «መነጽር ዓይን ያሰንፋል» የሚባለውም ስህተት ነው።

ጥቅሙ ለንባብ ብቻ አይደለም። በሕንድ አሳም በተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ መነጽር የተሰጣቸው የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ምርት ካልተሰጣቸው በ22 በመቶ ገደማ የበለጠ ጨምሯል።

ምን ያድርጉ?
1. ለቤተሰብ መነጽር በግምት አይግዙ። መጀመሪያ ይመርመሩ፣ ቁጥሩም ይለካ።
2. ውድ ፍሬም የግድ አይደለም። ቁጥሩ ከተስማማ ርካሹም ያነባል።
3. የሩቁም ከደበዘዘ፣ ዓይን ካመመ፣ እይታ በድንገት ከቀነሰ ወይም ስኳር ካለብዎት፣ ሳይቆዩ የዓይን ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ።

ለአገር ቤት ወላጆች እንዲደርስ ሼር ያድርጉ።