«ኢንሹራንስ አለሽ» ሲባል፦ በአረብ አገር ስላለው ህክምና ተረትና እውነታ

ወደ አረብ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ስለ ደመወዙና ስለ ኤጀንሲው አብጠርጥሮ ይጠይቃል። ስለ ህክምና ግን «ኢንሹራንስ አለሽ» ከተባለ ጥያቄው እዚያው ያልቃል። ማን ከፈለው? ምን ይሸፍናል? የሚቋረጠውስ መቼ ነው? እነዚህን አጥብቆ የሚጠይቅ ስለሌለ ቦታውን ወሬ ይይዘዋል።

ወሬው የሚጀምረው ገና አዲስ አበባ ነው። «ሜዲካል አልፌያለሁ» ያለች ልጅ የህክምናዋ ነገር ያለቀ ይመስላታል። ሜዲካል ግን ማጣሪያ ነው። ኤች አይ ቪ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የጉበት ቫይረስ ወይም እርግዝና መኖር አለመኖሩ የሚታየው ለተቀባዩ አገር እንጂ እሷን ለማከም አይደለም። ኤምሬትስ ከደረሰች በኋላ ለመኖሪያ ፈቃድ ሲባል ምርመራው ይደገማል፤ ኤች አይ ቪ ቢገኝባት የሚጠብቃት ወደ አገር መመለስ ነው። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 923/2008ም ሁለቱን ለይቷቸዋል፦ የምርመራውን ወጪ ሠራተኛው፣ የኢንሹራንሱን አሠሪው እንዲሸፍን ነው የደነገገው።

«ማዳም የኢንሹራንሱን ከደመወዝ ትቆርጣለች፤ ደንቡ ነው» የሚሉ ደግሞ አሉ። ደንቡ ተቃራኒው ነው። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 11 አሠሪው ኢንሹራንሱን ይገዛል፣ ወጪውንም ወደ ሠራተኛው ማዞር አይችልም። አቡ ዳቢ ከዚያ ቀደም ብላ በ2005 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር። ሻርጃ፣ አጅማንና ሌሎቹ የኤምሬትስ የሰሜን ግዛቶች ግን የቤት ሠራተኛን ጨምሮ ግዴታውን የተቀበሉት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ነው። የእነዚህ ግዛቶች መነሻ ፖሊሲ ዋጋ በዓመት 320 ድርሃም ነው፤ ለወር ሲካፈል 27 እንኳ አይሞላም። ይህን ከሠራተኛዋ ደመወዝ ላይ ለመቁረጥ ምን ዓይነት ልብ ያስፈልጋል?

ካርድ ካለ ሁሉ ነገር ነጻ ነው የሚለው እምነት ግን ባለካርዷን ክሊኒክ በር ላይ ያሳፍራታል። በዚሁ የ320 ድርሃም ፖሊሲ ሳይተኙ ለሚታከሙት ከሂሳቡ 25 በመቶውን የሚከፍለው ታካሚው ነው፤ ቢበዛ 100 ድርሃም። ሆስፒታል ለሚተኛ 20 በመቶ ሆኖ በአንድ ጊዜ ከ500፣ በዓመት ከ1,000 ድርሃም አይበልጥም። ለመድኃኒት 30 በመቶ ነው። ስለዚህ 200 ድርሃም የተጠየቀች ልጅ 50 ከኪሷ ታወጣለች፣ 600 የተጠየቀችም ከ100 በላይ አትከፍልም። ይህን ጣሪያ የማታውቅ ልጅ ህመሟን ችላ መቀመጥን ትመርጣለች። ሌላው ነገር ክሊኒኩ ነው፤ ፖሊሲው የሚሠራው ውል በተገባባቸው ተቋማት ስለሆነ፣ ቅርብ የሆነው ሁሉ አይቀበልም።

«አረብ አገር ሁሉ አንድ ነው» የሚለው ከሁሉም የከፋ ነው እላለሁ። ሳዑዲ አረቢያ በኩባንያ ለሚሠራ የውጭ ዜጋ ኢንሹራንስን ግዴታ ያደረገችው በ1999 በወጣ ሕግ ነው። የቤት ሠራተኛ ግን ተራዋ የደረሰው ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው፤ እሱም ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ላስመዘገበ አሠሪ ብቻ። አብዛኞቹ እህቶቻችን ብቻቸውን ወይም ከአንዲት ጓደኛ ጋር ነው በአንድ ቤት የሚሠሩት። እና «ኢንሹራንስ አለሽ» ሲሏት ምን ማለታቸው ነው? ብዙውን ጊዜ ሙሳነድ በተባለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ቅጥር መድረክ በኩል ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ከአዲስ ውል ጋር የሚገዛው የኮንትራት ኢንሹራንስ ነው። እሱ በዋነኛነት ሠራተኛዋ ብትጠፋ ወይም ብትሞት የአሠሪውን ወጪ ይተካል። ለእሷም በአደጋ ለዘለቄታው አካሏ ቢጎዳ ካሳ አለው። ትኩሳቷን፣ የጨጓራ ህመሟን አያክምም። ሊባኖስ ደግሞ አሠሪው ፖሊሲ መግዛቱ ግዴታ ቢሆንም፣ ሽፋኑ በዋነኛነት ሆስፒታል ለተኛ ሰው ነው።

ከአሠሪዋ ወጥታ «ፍሪ» የምትሠራ ልጅ ካርዴ እስከ ቀኑ ይሠራል ብላ አትተማመን። ኤምሬትስ ውስጥ ኢንሹራንሱ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ አሠሪው «ጠፋች» ብሎ ካመለከተና ፈቃዱ ከተሰረዘ ሽፋኑም ይሄዳል። የድንገተኛ ህመም ግን ሌላ ነው፦ የ2016ቱ የህክምና ተጠያቂነት ሕግ ሐኪም ድንገተኛ ታካሚን ከማከም እንዳያፈገፍግ ይከለክላል። ሂሳቡ በኋላ ይመጣል፤ ህይወት ግን አይጠብቅም። አምቡላንስ በ998 ይጠራል።

በአሠሪዋ ቤት ሥራ ላይ ያለችው ደግሞ «ካርዴ ማዳም ጋ ስለሆነ መታከም አልችልም» ትላለች። የ2022ቱ የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 የመታወቂያ ሰነዶቿ በእጇ እንዲሆኑ መብት ይሰጣታል፤ በዓመት እስከ 30 ቀን የህመም ፈቃድም አላት፣ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ሙሉ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል። ዱባይ ውስጥ ኢንሹራንሱ ከኤምሬትስ መታወቂያው ጋር ስለተያያዘ የተለየ ካርድ ባይኖራትም ክሊኒኩ በመታወቂያዋ አይቶ ፖሊሲዋ ምን እንደሚሸፍን ይነግራታል። መታወቂያውን ፊትና ጀርባ በስልኳ ፎቶ አንስታ ብትይዝ፣ ቁጥሩ ቢያንስ ከእሷ ጋር ይቀራል።