ሥዕሉ በነፃ፣ የእጅ ሥራው በውድ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ኒውዮርክ ውስጥ በተካሄደ የክሪስቲ ጨረታ የጃፓናዊው ካትሱሺካ ሆኩሳይ «ታላቁ ማዕበል» የተባለው የእንጨት ህትመት አንድ ቅጂ 2.76 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ይኸው ሥዕል በ1831 ገደማ ኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ገበያ ላይ ሲወጣ ሁለት ሳህን ኑድል ከሚገዛ ገንዘብ ብዙ የሚበልጥ ዋጋ አልነበረውም። እስከ 8,000 ቅጂ እንደታተመም ይገመታል። ዛሬ «ኦሪጅናል» የምንለው ከመነሻው ለብዙኃን የተባዛ ሸቀጥ ነበር ማለት ነው።

ርካሽ ያደረገው የሥራ ክፍፍሉ ነው። አሳታሚው ገንዘቡን ያወጣል፣ ሠዓሊው ይነድፋል፣ ቀራጩ በቼሪ እንጨት ላይ ይቀርጻል፣ አታሚው ቀለም እየቀባ ወረቀት ላይ ያሳርፋል። ከባዱ ወጪ ቅርጹ ነው፤ እሱ አንዴ ካለቀ በኋላ ለእያንዳንዱ ቅጂ የሚወጣው የወረቀት፣ የቀለምና የአታሚው ድካም ብቻ ነው። ያን ጊዜ ፕሩሺያን ብሉ የሚባለው ከውጭ የሚገባ ሰማያዊ ቀለም ዋጋው መርከሱም ረድቷል። መንግሥትም እጁን አስገብቶ በ1842 የአንድ ቅጠል ህትመት ዋጋ ከ16 ሞን (የዘመኑ የጃፓን ሳንቲም) እንዳይበልጥ ወስኗል።

ሆኩሳይ በ1849 ስለሞተ ዛሬ በሥዕሉ ላይ የቅጂ መብት የሚጠይቅ የለም። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2017 ወደ 375,000 የሚሆኑ ምስሎችን ለማንም በነፃ ለቋል። ጥሩ ማተሚያ ያለው ሰው ምስሉን አውርዶ፣ በማይደበዝዝ ቀለምና አሲድ በሌለው የጥጥ ወረቀት አትሞ መሸጥ ይችላል። ይህን አልንቅም። የድሮዎቹ ህትመቶች ብርሃን በቀላሉ ስለሚያደበዝዛቸው ሙዚየሞች ለአጭር ጊዜ ብቻ አሳይተው ወደ ጨለማ ይመልሷቸዋል፤ ቤት ግድግዳ ላይ ለዓመታት የሚሰቀል ጥሩ ቅጂ እውነተኛ ጥቅም አለው። ውድድሩም ዋጋውን ወደ ማምረቻ ወጪው እየገፋው ይሄዳል።

የእኔ ትኩረት ግን ሌላኛው ቅጂ ላይ ነው። ቶኪዮ የሚገኘው በ1928 የተመሠረተው አዳቺ ማተሚያ ቤት እነዚህን ሥዕሎች እንደ ጥንቱ እንደገና በቼሪ እንጨት ላይ ይቀርጻል፤ በጃፓኗ ኤቺዘን በእጅ በተሠራ ወረቀት ላይም በእጅ ያትማል። እንዲህ ያለው ሥራ ለምን እየተወደደ እንደሚሄድ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ዊሊያም ባውሞልና ዊሊያም ቦወን በ1966 አስረድተዋል፤ የእነሱ ምሳሌ ሙዚቀኞች ነበሩ። አታሚው ባሬን በተባለው ክብ መጥረጊያ ወረቀቱን እያሸ አንድ ቀለም ለማሳረፍ የሚፈጀው ጊዜ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከነበረው ብዙ አይለይም። የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ግን ዛሬ በሰዓት የሚያመርተው ካለፈው ትውልድ እጅግ ይበልጣል፤ ደመወዙም አብሮ አድጓል። አታሚው ሙያውን ትቶ እንዳይሄድ እሱም ከዘመኑ ደመወዝ ጋር የሚቀራረብ ሊከፈለው ይገባል። ዋጋው የናረው ማንም ስለሰሰተ አይደለም።

አደጋው ያለው መረጃው ላይ ነው። ሁለቱም ቅጂዎች «የጃፓን የእንጨት ህትመት ቅጂ» ተብለው ጎን ለጎን ከተሸጡ፣ መለየት ያልቻለ ገዢ ርካሹን ያነሳል፤ በእጅ የሠራው ከገበያ ይወጣል። ልዩነቱ ግን ለዓይን የተሰወረ አይደለም፤ የእጁን ህትመት ገልብጠው ካዩት ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ፣ የባሬኑ እሽታ በጀርባው ይታያል። ሻጭ በምን መንገድ፣ መቼና የት እንደታተመ እንዲጽፍ ማስገደድ ብዙ ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው።

አዳቺ በ1994 ወጣት ቀራጮችንና አታሚዎችን የሚያሠለጥን ፋውንዴሽን አቋቁሟል። ሙያው ዓመታት ይፈጃል፤ የእነዚያን ዓመታት ወጪ ያኔ የኤዶ ሰፊ ገበያ ይሸፍነው ነበር፣ ዛሬ የሚሸፍኑት ጥቂት ገዢዎች ናቸው። ምስሎቹን በነፃ የለቀቁት ሙዚየሞች መልካም አድርገዋል፤ በየሱቆቻቸው ከፖስተሩ አጠገብ በእጅ የታተመውን ቅጂ፣ የቀራጩንና የአታሚውን ስም ጽፈው ቢያስቀምጡ ደግሞ ለሙያው ገዢ ያመጡለታል።