የኡትሪኩላሪያ ከረጢት ወጥመድ እንጂ ተንሳፋፊ አይደለም

ክረምት ሲገባ ባሮ የምዕራቡን ደጋ ውሃ ሰብስቦ ይወርድና የጋምቤላን ሜዳ ያጥለቀልቃል። ጎርፉ ሲሸሽ በኑዌር ዞን፣ በማታር ዙሪያ፣ በየጎድጓዳው ኩሬና ረግረግ ይቀራል። እዚያ የደረሰ እንግዳ ከብቱን፣ ዓሣውን፣ ቢቀናውም በመንጋ የሚፈልሰውን ነጭ ጆሮ ቆርኬ ያደንቃል። ኩሬው ላይ ዘርዘር ብሎ የተኛውን ቀጭን አረንጓዴ ክር ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ክሩ ሥጋ በል ተክል ነው፤ ስሙም ኡትሪኩላሪያ።

መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። በዓለም ላይ ወደ 240 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ስቴላሪስና ኢንፍሌክሳ የተባሉት በአፍሪካ ሞቃታማ ውሃዎች፣ በናይል ተፋሰስም ይበቅላሉ። ሥር የለውም። ስኳሩን እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ይሠራል፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲጎድለው ደግሞ ያድናል።

የሚያድንባቸው ከረጢቶች በክሮቹ ላይ የተሰካኩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጡም። እነዚህን ከረጢቶች ያየ ሰው ሁሉ ወዲያው «በአየር ተሞልተው ተክሉን የሚያንሳፍፉ ናቸው» ይላል። የተማረውም ያልተማረውም ይህንኑ ሲል ሰምቻለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ስህተቱ ምንጭ አለው። እንቦጭን የሚያውቅ ሰው ያበጠው የቅጠል አገዳው አየር ይዞ እንደሚያንሳፍፈው ያውቃል፤ ኡትሪኩላሪያንም በዚያው ይመዝነዋል። በዚያ ላይ ተክሉን ከውሃ ቢያወጣው ከረጢቶቹ ውስጥ በእርግጥ የአየር አረፋ ያገኛል። አየሩን ያስገባው ግን ያው ማውጣቱ ነው፤ ወጥመዶቹ ከውሃ ሲወጡ ይፈነጠሩና በውሃ ፋንታ አየር ይስባሉ። ጆሮውን ቢያስጠጋ ትንንሽ የመንጣጣት ድምፅም ይሰማል።

ቻርልስ ዳርዊን በ1875 ስለ ነፍሳት በል እጽዋት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን እምነት ውድቅ አድርጎታል። ከረጢት የሌላቸውና ከረጢታቸው የተነቀለ ቅርንጫፎችም እንደሚንሳፈፉ አሳይቷል፤ የሚያንሳፍፋቸው በሕዋሶቻቸው መካከል ያለው አየር ነው። የስቴላሪስን እውነተኛ ተንሳፋፊ ማየት የሚፈልግ የአበባውን ዘንግ ይመልከት። በዘንጉ ዙሪያ እንደ ኮከብ የተዘረጉ ስፖንጅ መሰል እጆች ቢጫውን አበባ ከውሃው በላይ ቀጥ አድርገው ይይዙታል።

ታዲያ ከረጢቱ ምን ይሠራል? የጠብታ መድኃኒት መስጫ ጎማን ጨምቆ በመልቀቅ ፈሳሽ እንደሚሳብ ሁሉ ከረጢቱም ይስባል። በግድግዳው ላይ ያሉ እጢዎች ውሃውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ የውስጡ ግፊት ይቀንሳል፤ ግድግዳውም ወደ ውስጥ ይጎብጣል። በሩ ወደ ውጭ አብጦ ይዘጋል፤ ከፊቱም ስስ ጸጉሮች ይቆማሉ። የውሃ ቁንጫ ጸጉሩን ስትነካ በሩ በድንገት ይገለበጣል፤ ግድግዳው ይመለሳል፤ እንስሳዋም ከውሃው ጋር ተስባ ትገባለች። ይህ ሁሉ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በ2011 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በፈጣን ካሜራ ሲቀርጹት ውሃው የሚያገኘው መፋጠን ከመሬት ስበት 600 እጥፍ ድረስ እንደሚደርስ ለክተዋል። ከዚያ በሩ ይዘጋል፤ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ወጥመዱም በግማሽ ሰዓት ገደማ እንደገና ይወጠራል።

ዳርዊን ራሱ ይህን መምጠጥ አላወቀም፤ እንስሶቹ በጭንቅላታቸው በሩን ገፍተው ይገባሉ ብሎ ነበር። የአሜሪካዋ ሜሪ ትሪት በኒው ጀርሲ በማይክሮስኮፕ ስታይ ግን አንዷ እንስሳ ጸጉሩን እንደነካች በቅጽበት ስትዋጥ ተመልክታለች።

አንድ ቀን ከማታር ወጣ ብሎ ባለ ኩሬ ዳር ጥቂት ክር በነጭ ሳህን ላይ ዘርግቼ በማጉያ መነጽር ስመለከት፣ መረቡን የሚያራግፍ ወጣት ዓሣ አጥማጅ ቀረበኝና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የውሃ ቆሻሻ ነው» አለኝ። መነጽሩን ሰጠሁት። ከአንዱ ከረጢት ውስጥ ጥቁር ነጥብ ስትንቀሳቀስ አይቶ «በልቷታል!» ሲል ጮኸ። ከዚያ በኋላ መነጽሩን ማስመለስ ቀላል አልነበረም።

ወጥመዱ ትንንሽ የትንኝ እጮችንም ይይዛል፤ «ወባን ያጠፋል» ብሎ ማወጅ ግን ማጋነን ነው። ተክሉ በራሱ ሥራ ይከበራል።

ለሚመለከተው ሁሉ ምክሬን ልናገር። ከእንቦጭ ጋር አታምታቱት። እንቦጭ ውሃውን ሸፍኖ ብርሃን የሚነፍግ መጤ ነው፤ ኡትሪኩላሪያ ግን ቀጭን፣ የሚታገሥ፣ በንጥረ ነገር ድሃ የሆነ ንጹሕ ውሃን የለመደ ነው። ማዳበሪያና ፍሳሽ ወደ ኩሬ ስትለቁ አልጌ ይፈላና ያፍነዋል። እንቦጭ የምትነቅሉም እጃችሁ ያገኘውን ሁሉ በጅምላ አትጎትቱ፤ ክሮቹ ሲመጡ ወደ ውሃው መልሷቸው። የትምህርት ቤት መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻችሁን አንድ ሳህንና አንድ ማጉያ መነጽር አስይዛችሁ ወደ ኩሬው ውሰዷቸው፤ የባሮ ሜዳ ልጅ ስለ ሥጋ በል ተክል ለመማር የውጭ አገር ሥዕል መጠበቅ የለበትም።