አንዴ የሚታይ፣ አንዴ የሚሰወር ብልሽት፦ የኦክስጅን ሴንሰር ከፊዚክስ አንጻር

ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ሁለት የተለያዩ የአየር ጠባዮችን ያያል። ጎሬ በደጋው ጫፍ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በባሮ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው የጋምቤላ ከተማ ከፍታ ግን ከ500 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህ ቁልቁለት የሚመላለስ አንድ አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ እናስብ። ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳው ሲጀምር ሾፌሮች «ቼክ ኢንጂን» የሚሉት መብራት ይበራል። መኪናው ለጥቂት ቀናት በጋምቤላና በኢታንግ መካከል ባለው ሜዳ ሲመላለስ ይጠፋል። ወደ ደጋው ወጥቶ ሲወርድ ግን እንደገና ይበራል። መካኒኩ ኮዱን ሲያነብ «የኦክስጅን ሴንሰር ሲግናል አይሰጥም» የሚል መልእክት ያገኛል። ባለቤቱም አዲስ ሴንሰር ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ያስለውጣል። ይሁን እንጂ መብራቱ በቀጣዩ ቁልቁለት ተመልሶ ይመጣል። በዚህች አንዲት መኪና ለሚተዳደር ቤተሰብ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ለመሆኑ ስሕተቱ የቱ ላይ ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት በቅድሚያ ሴንሰሩ ምን እንደሚለካ መረዳት ያስፈልጋል።

የቤንዚን ሞተር አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ ሲበዛ በጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ይተርፋል፤ ቤንዚኑ ሲበዛ ደግሞ ኦክስጅኑ ከሞላ ጎደል ያልቃል። ይህን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር በመኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ሠሪው የጀርመኑ ቦሽ፣ ተጠቃሚው ደግሞ የስዊድኑ ቮልቮ ነበር። መሠረተ ሐሳቡ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል፤ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ዋልተር ኔርንስት ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቀመር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው።

የሴንሰሩ ልብ ከዚርኮኒየም ኦክሳይድ የተሠራ ትንሽ የሴራሚክ ጣት ነው። የጣቱ ውጫዊ ገጽ ጭሱን ሲነካ፣ ውስጣዊው ገጽ ደግሞ የደጅ አየርን ይነካል። ሴራሚኩ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ የኦክስጅን አዮኖችን ማሳለፍ ይጀምራል። በሁለቱ ወገን ያለው የኦክስጅን ግፊት ስለሚለያይም በገጾቹ መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል።

የቮልቴጁን መጠን በኔርንስት ቀመር እናስላ። የጋዝ ቋሚ ቁጥርን (8.314) በኬልቪን በተለካው ሙቀት አባዝተን ለአራት እጥፍ የፋራዳይ ቁጥር (96,485) እናካፍላለን፤ አራት ያልነው አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል አራት ኤሌክትሮኖችን ስለሚያንቀሳቅስ ነው። በ700 ኬልቪን ውጤቱ 0.015 ቮልት ይሆናል። ይህንንም በሁለቱ ወገን የኦክስጅን ግፊት ንጽጽር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም እናባዛዋለን። በጭሱ ውስጥ 1 በመቶ፣ በደጁ አየር 21 በመቶ ኦክስጅን ቢኖር ንጽጽሩ 21፣ ሎጋሪዝሙ 3 ያህል ስለሆነ ቮልቴጁ 0.05 ገደማ ነው። ቤንዚኑ በዝቶ በጭሱ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ወደ 10⁻²⁰ ከባቢ አየር ቢወርድ ግን ቮልቴጁ ወደ 0.67 ያድጋል። እንግዲህ ሴንሰሩ ቤንዚንን አይለካም፤ የሁለት ግፊቶችን ንጽጽር ብቻ ይናገራል። የሞተሩ ኮምፒዩተር ይህን ንግግር እየሰማ ቤንዚኑን ሲቀንስና ሲጨምር፣ የጤነኛ ሴንሰር ቮልቴጅ በ0.1 እና በ0.9 መካከል ያለማቋረጥ ይመላለሳል።

ታዲያ ቁልቁለቱ ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ከፍታውን ነው። በርግጥም የአየር ግፊት በ2,000 ሜትር ላይ 80 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን በ500 ሜትር ላይ ወደ 95 ያድጋል። ነገር ግን የደጁ አየርና የጭሱ ግፊት አብረው ስለሚጨምሩ ንጽጽሩ እምብዛም አይለወጥም። ከፍታ ብቻውን ሴንሰሩን አያሳስትም ማለት ነው።

ዋናው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። መኪናው በማርሽ ተይዞ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ሾፌሩ ነዳጅ አይረግጥም፤ ብዙ ሞተሮችም በዚህ ጊዜ ቤንዚኑን ጨርሰው ይዘጋሉ። በጭስ ማውጫው የሚያልፈው ያልተቃጠለ አየር ስለሚሆን ሴንሰሩ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ሴራሚክ የውስጥ ተቃውሞው ወደ ሚሊዮን ኦሞች ስለሚደርስ ድምፁ ይጠፋል። ይህ እንዳይሆን ሴንሰሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይገጠማል። የማሞቂያው ፊውዝ ተቃጥሎ ወይም ሽቦው ተበጥሶ ከሆነ ግን ሾፌሩ ነዳጅ መልሶ ሲረግጥ ኮምፒዩተሩ ሲግናል ይጠብቃል፤ ሴንሰሩ ገና አልሞቀምና ዝም ይላል፤ ኮዱም ይመዘገባል። ሜዳ ላይ የጭሱ ሙቀት ስለሚበቃ ጉድለቱ ይደበቃል። በዕድሜ ጠና ያሉ አንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ማሞቂያውን ለብቻው ስለማይቆጣጠሩ ስለ ፊውዙ የሚናገር ኮድ አይሰጡም። ያሰብነው ፒክአፕ አዲስ ሴንሰር ተገጥሞለትም ያልዳነው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ አዲሱም ሴንሰር የተገጠመው ኤሌክትሪክ በማይደርሰው ሽቦ ላይ ነውና።

ሌሎች ሁለት ተጠርጣሪዎችም አሉ። አንደኛው ከሴንሰሩ በፊት በጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ላይ ያለ ስንጥቅ ነው። ጭሱ በምት በምት ስለሚወጣ በምቶቹ መካከል በስንጥቁ የደጅ አየር ይሳባል፤ ሴንሰሩም ይህን አየር አይቶ «ቤንዚን አነሰ» ይላል። ግማሽ ሜትር የሚሆን የብረት ማኒፎልድ በ400 ዲግሪ ሲሞቅ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚለጠጥ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የተከፈተው ስንጥቅ ሲሞቅ ሊዘጋ ይችላል። ሁለተኛው ውኃ ነው። ብዙ ሴንሰሮች የደጁን አየር የሚያገኙት በሽቦዎቻቸው ሽፋን ውስጥ ባለው ክፍተት በኩል ነው። በጋምቤላ ክረምት ማገናኛው ውስጥ ጭቃና ውኃ ሲገባ፣ ወይም «ውኃ እንዳይገባ» ተብሎ በግራሶ ሲሞላ፣ ሴንሰሩ መተንፈሻ ያጣና ቮልቴጁ ይወርዳል። ማገናኛው ሲደርቅ ደግሞ ይድናል።

መብራቱ ራሱ መብራትና መጥፋቱም የራሱ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ ግዴታ በሆነውና በኋላም በሌሎች አገሮች በተስፋፋው ሥርዓት መሠረት፣ አብዛኛው ብልሽት መብራቱን የሚያበራው በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ሲታይ ነው፤ በሦስት ተከታታይ ጉዞዎች ካልታየ ደግሞ መብራቱ ይጠፋል። ኮዱ ግን ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ሞቆ እስኪሠራ ድረስ በማኅደር ይቆያል። ከኮዱም ጋር በዚያች ቅጽበት የነበረው ፍጥነት፣ የሞተር ሙቀትና ጭነት ይመዘገባል። ስለሆነም መብራቱን ለማጥፋት ብሎ ባትሪ መንቀል ዋናውን ማስረጃ ማጥፋት ነው።

እንግዲህ የምርመራው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ኮዱንና አብሮት የተመዘገበውን ሁኔታ በወረቀት መገልበጥ፤ ቀጥሎ ፊውዙን ማየት፣ በማገናኛው ላይ 12 ቮልት ያህል መድረሱንና የማሞቂያው ተቃውሞ ጥቂት ኦሞች መሆኑን መለካት ነው። የሽቦ ጉድለት ካለም ገመዱን በእጅ እያወዛወዙ ንባቡ ይቆራረጥ እንደሆነ መመልከት ይገባል። ሞተሩ ሳይሞቅ የጭስ ማውጫውን ጩኸትና ጥቀርሻ መፈተሽም አይዘነጋም። በመጨረሻ ሞተሩ ሲሞቅ በዲጂታል ቴስተር ሲግናሉን ማንበብ ነው፤ የቴስተሩ የውስጥ ተቃውሞ አነስተኛ ከሆነ ራሱ ቮልቴጁን ያወርደዋልና። አንድ ትንሽ የቫኪዩም ጎማ ሲነቀል ንባቡ ወዲያው ከ0.2 በታች ከወረደ፣ ነዳጅ በድንገት ሲረገጥም ከ0.8 በላይ ከወጣ፣ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። በሁለቱም ፈተና ዝም ካለ ወይም እጅግ ከዘገየ ያን ጊዜ መለወጡ ተገቢ ይሆናል።

ከዚህ የምንረዳው ኮዱ ቅሬታው ከየት እንደተሰማ የሚናገር ምስክር እንጂ ፍርድ አለመሆኑን ነው። የሚሰወር ብልሽት በዘፈቀደ የሚመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ፣ እርጥበቱና ጭነቱ ሲደገሙ እሱም ይደገማል። ሾፌሩ መብራቱ የበራበትን ቦታና ሰዓት በደብተር ቢይዝ፣ መካኒኩም መለዋወጫ ከማዘዙ በፊት ያንኑ ሁኔታ ፈጥሮ ቢለካ፣ የአንድ ፊውዝ ጉድለት የአንድ ሴንሰር ዋጋ ባላስከፈለ ነበር።