ባሌ ላይ ማደር

ማለዳ ከጎባ የተነሳ መኪና የጽዱንና የአስታውን ደን አልፎ ሰነቴ አምባ ላይ ሲወጣ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን ይስባል። አምባው 4 ሺህ ሜትር ግድም ከፍታ አለው። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። በጅብራው መሃል ትንንሽ ሐይቆች አሉ፤ አንዳንዶቹ በበጋ ይደርቃሉ።

ገርባ ጉራቻ ግን ጥልቅ ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ጥቁር ባሕር» ማለት ሲሆን፣ ጉድጓዱን የቦረቦረው የጥንት የበረዶ ግግር ነው። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ሥር ባወጡት ደለል የ16 ሺህ ዓመት ገደማ የአየር ጠባይ ታሪክ አንብበዋል። መልኩ ያማልላል፤ ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም።

ታዲያ እዚህ ማን ያድራል? ያደረስ አለ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለ የድንጋይ ጥላ ሥር፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ሰፍረዋል። ውሃቸው ከሚቀልጠው በረዶ፣ የመሣሪያቸው ባልጩት ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ይመጣ ነበር። እራታቸው ምን ነበር ቢባል፣ ግዙፉ ፍልፈል! የተጠበሰ አጥንቱ በብዛት ተገኝቷል።

ዛሬ ያ ፍልፈል የቀይ ቀበሮ ቀለብ ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹ ባሌ ይኖራሉ። እንግዳ ውሻውን ይዞ እንዳይመጣ የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ ከመንደር ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ፈጅቷል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ብርዱ ያስመረረው ሰው ቁልቁል ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲያሽቆለቁል አስታው የዛፍ ሽበት አንጠልጥሎ ይቀበላል፤ ቀጥሎ ሪራ መንደር፣ ከዚያም ካቻ የተባለው የድንኳን መትከያ ሜዳ ይመጣል። በቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ ለጋ ቅጠል ስትቀነጥስ ትታያለች። በሐረና አንበሳም ስላለ፣ ማታ ከድንኳን ርቆ መንጎራደድ አይመከርም።

ከዚያ በታች፣ ወደ ደሎ መናና ወደ አንገቱ፣ አየሩ ይሞቃል። ረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ከሥራቸው ማንም ያልተከለው ቡና በጥላው ያፈራል።