ታች ሰፈር ይሻላል ወይስ ላይ ሰፈር?

ቤት የሚሠራ ሰው ብዙ ነገር ያስባል። ምሰሶው ከየት ይቆረጥ? ክዳኑ ሣር ይሁን ወይስ ቆርቆሮ? ደቦ መቼ ይጠራ? ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ ግን አለ። ቤቱ የት ይሠራ? ክዳን ቢያፈስ ይታደሳል። ግድግዳ ቢሰነጠቅ ይመረጋል። ቦታው መጥፎ ከሆነ ግን መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ቤቱን አፍርሶ መሄድ።

በብዙ ገጠሮቻችን ሁለት ዓይነት ሰፈር እናያለን። አንዱ ታች ሰፈር ነው። እሱም በወንዝ ዳር፣ በሜዳው ላይ ነው። ሌላው ላይ ሰፈር ነው። እሱም በተረተሩ ላይ ወይም በጋራው ጥግ ነው። ጎጆ የሚወጡ ልጆች ሲኖሩን ከየትኛው ይሥሩ ብለን እንጨነቃለን። እስቲ ሁለቱን በሚዛን አስቀምጠን እንያቸው።

ታች ሰፈር

የታች ሰፈር ጥቅም ቶሎ ይታያል። ውኃው ደጅ ላይ ነው። እናቶችና ልጃገረዶች እንስራ አዝለው አቀበት አይወጡም። ከብቶቹም በቅርብ ይጠጣሉ። መሬቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ለጓሮ አትክልት ይመቻል።

ጉዳቱ ግን ተደብቆ ይቆያል። በበጋ ስናየው ቦታው ደረቅና ያማረ ነው። ጉድለቱ የሚገለጠው ክረምት ሲገባና ክረምት ሲወጣ ነው።

አንደኛው ጉዳት ወባ ነው። ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ቢምቢ ናት። ቢምቢ እንቁላሏን የምትጥለው በቆመ ውኃ ላይ ነው። ወንዙ ሲጎድል ዳር ላይ የሚቀረው ኩሬ ይበቃታል። የከብት ኮቴ የቆፈረው ትንሽ ጉድጓድ እንኳ ይበቃታል። እንቁላሉ አድጎ የሚበር ቢምቢ እስኪሆን ባብዛኛው ሁለት ሳምንት አይሞላም። ስለዚህ በብዙ ቦታ ወባ የሚበረታው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው።

አባቶቻችን ይህን በልምድ ያውቁት ነበር። ደገኛው ቆላ ወርዶ ያርሳል፤ ሲመሽ ደጋ ወጥቶ ያድራል። ንዳድን ፈርቶ ነው። ንዳዱን የምታመጣው ቢምቢ መሆኗን ግን አያውቅም ነበር። ሮናልድ ሮስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የወባን ተውሳክ በቢምቢ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1889 ዓ.ም. ነው። ቢምቢ በብዛት የምትናከሰው ሌሊት ስለሆነ፣ የአባቶቻችን ልማድ ትክክል ነበር።

ሁለተኛው ጉዳት ጎርፍ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በድሬዳዋ ከተማ የሚያልፈው ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በላዩ ይሻገራል፣ ዳሩ ላይም ቤት ይሠራል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለና ከላይ ከተራራው የወረደ ውኃ ወንዙን ሞላው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹን ጎርፉ የደረሰባቸው በተኙበት ነው። እንግዲህ ደረቅ ወንዝ ወንዝነቱን አይተውም ማለት ነው።

ላይ ሰፈር

የላይ ሰፈር ጥቅም ሌላ ነው። ዝናብ ቢዘንብ ውኃው ወርዶ ይሄዳል እንጂ አይቆምም። ነፋስ እንደልብ ይነፍሳል። ቢምቢ ከተፈለፈለችበት ውኃ ባብዛኛው ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ስለማትርቅ፣ ከረግረግ የራቀ ቤት ብዙ አያገኛትም።

በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ባለ ቦታ ነው። ቢሆንም ከፍታ ብቻውን ዋስ አይሆንም። በ1950 ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝናቡም ሙቀቱም ከወትሮው በዛ። ወባው ወደ ወይና ደጋው ወጣ። ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል። የላይኛው አገር ሰው በሽታውን ስላልለመደው ጉዳቱ ከፋ።

ላይ ሰፈር የራሱ ጉዳት አለው። አንደኛ ውኃ ይርቃል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ያንን በየቀኑ አቀበት ማውጣት ጀርባ ይሰብራል፤ ልጃገረዶችንም ከትምህርት ያስቀራል።

ሁለተኛ ናዳ አለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ኮረብታው ተናደ። ጎረቤት ተሰብስቦ የተቀበሩትን ሲቆፍር ሌላ ናዳ መጣበት። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ከገደል ሥር ወይም ዛፉ ተመንጥሮ ካለቀበት ቁልቁለት ላይ የሚሠራ ቤት ይህ ስጋት አለበት። ናዳ አንዳንዴ ምልክት ይሰጣል። መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ዛፍና አጥር ያዘነብላል፤ ያልነበረ ምንጭ ይፈልቃል። ይህን ያየ ሰው ንብረቴ ሳይል ቤተሰቡን ይዞ ቶሎ ከዚያ መራቅ አለበት።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ሁለቱን ስናመዛዝን አንድ ነገር እንረዳለን። ሩቅ የሆነ ውኃ ሊቀርብ ይችላል። በአህያ ይጫናል፤ ምንጭ ይጎለብታል፤ የቆርቆሮ ቤት ካለ የጣራ ውኃ ይጠራቀማል። ጎርፍንና ናዳን ግን ከመንገዳቸው የሚያስለቅቃቸው የለም። ስለዚህ ከተቻለ ከጎርፉ መድረሻ ከፍ ያለ፣ ከገደል የራቀ፣ በመጠኑ ያዘነበለ መሬት ይመረጣል።

እንዴት እንምረጥ?

1. ቦታውን በክረምት እንየው። በበጋ ብቻ አይቶ መወሰን ፈረስን ተኝቶ አይቶ እንደ መግዛት ነው።
2. ሽማግሌ እንጠይቅ። ወንዙ ሞልቶ የት ደርሶ ያውቃል? ናዳስ ወርዶ ያውቃል? በዛፍ ላይ ተሰቅሎ የቀረ ገለባና ጭራሮ ካለ፣ ውኃው እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው።
3. አፈሩን እንቆፍር። በክረምት እስከ ጉልበት ድረስ ስንቆፍር ውኃ ከቋጠረ ቦታው ረግረግ ነው። ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳ ያፈርሳል።
4. የሽንት ቤቱን ቦታ አብረን እናስብ። ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ከውኃውም በታች በኩል መሆን አለበት።
5. ሴቶችን እናማክር። ቦታ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ባል ነው፤ ውኃ የምትቀዳው ግን ሚስት ናት። ድካሙን የምታውቀው እሷ ሳትጠየቅ የተመረጠ ቦታ በግማሽ ሐሳብ የተመረጠ ነው።

ምርጫው ሁልጊዜ በእጃችን አይደለም። መሬት የደረሰን ታች ከሆነስ? ያኔም እጅ አጣጥፈን አንቀመጥም። ከሜዳው ውስጥ ጉብ ያለውን እንፈልጋለን። የቤቱን ወለል በድንጋይና በአፈር ከፍ እናደርጋለን። የቆመውን ውኃ ቦይ ቀደን እናፋስሳለን፤ ጉድጓዱን እንደፍናለን። አጎበር ዘርግተን እንተኛለን። አጎበር የሚያንስ ከሆነ ቅድሚያ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ነው፤ ወባ በእነሱ ላይ ይከፋልና። ትኩሳት የያዘውን ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ እንውሰድ። ክረምት ሲበረታ ደግሞ ወንዙን በየተራ የሚጠብቅና ጎረቤት የሚቀሰቅስ ሰው እንመድብ።

እንወያይ

እኛ የምንኖርበት ሰፈር ታች ነው ወይስ ላይ?
ወንዛችን ሞልቶ እስከ የት ደርሶ ያውቃል?
ከቤታችን አጠገብ የቆመ ውኃ ያለው የት ነው? መቼ እንድፈነው?